ከደዶ ተዳፋት እስከ ጥልቅ ባህር ወለል፤ የመሬት መንቀጥቀጥና የደለል ጉዞ

በኦሮሚያ ክልል በጅማ ዞን የሚገኘው የደዶ ወረዳ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ የተዘረጋ ተራራማ ወረዳ ነው። በደቡብ በኩል የጎጀብ ወንዝ የሚያዋስነው ሲሆን፣ ወደ ሰሜን የሚወርዱት ጅረቶቹ የግልገል ጊቤን ወንዝ ይቀላቀላሉ። በጅማና አካባቢዋ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚጥል በመሆኑ፣ በክረምት ወራት ጅረቶቹ ቀይ ቡናማ መልክ ይዘው ይወርዳሉ። መልኩን የሚሰጣቸው ከገበሬው ማሳ፣ ከመንገድ ዳርና ከተናዱ ገደላት ታጥቦ የሚሄደው አፈር ነው።

ይህ አፈር የወረዳውን ወሰን ካለፈ በኋላ የት እንደሚደርስና እዚያ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በግብርና ሪፖርቶች ውስጥ የአፈር መሸርሸር የሚገለጸው በማሳው ላይ በጠፋው ለምነት ሲሆን፣ በኢነርጂው ዘርፍ ደግሞ በግድብ ውስጥ በተጠራቀመው ደለል መጠን ነው። በሁለቱም አገላለጽ ደለሉ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ጉዞው እንዳበቃ ይቆጠራል። ይሁንና በሐይቅ፣ በግድብ ወይም በባህር ወለል ላይ ለመቶዎችና ለሺዎች ዓመታት ተከማችቶ የቆየ ደለል በአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ በደቂቃዎች ውስጥ ተነስቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ እንደሚችል ከታወቀ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንድ ዞን፣ ሁለት መድረሻ

የጅማ ዞን ወንዞች ወደ ሁለት የተለያዩ ተፋሰሶች የሚፈሱ ናቸው። የደዶ ጅረቶችም ሆኑ የጅማን ከተማ አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባሉ። ግልገል ጊቤ ከጊቤ ጋር ተገናኝቶ የኦሞን ወንዝ ይፈጥራል፤ ኦሞም ከኢትዮጵያና ከኬንያ ድንበር ላይ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ በመሆኑ የደዶ አፈር በተፈጥሮው ባህር አይደርስም።

በዚያው ዞን ከቡና ከተማዋ ከአጋሮ አካባቢ፣ ከጎማ ወረዳ ተራሮች የሚነሳው የዴዴሳ ወንዝ ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ፈስሶ አባይን ይቀላቀላል። አባይና ተከዜ አትባራ በአንድነት ዓባይን ከሚጓጓዘው ደለል ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚያመጡ ናቸው። ይህ ደለል በረጅም የምድር ዘመን የግብፅን ዴልታ የሠራ ከመሆኑም ባሻገር፣ ከዴልታው ፊት ለፊት በሜዲትራኒያን ባህር ውስጥ ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የደለል ክምር ፈጥሯል። ክምሩ ከጥልቀት የለሹ ዳርቻ ተነስቶ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ ይወርዳል። ከጎማ ኮረብታዎች የታጠበ አፈር ከጎጃም፣ ከወሎና ከወለጋ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በዚህ ክምር ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ በ1966 ሱዳን ውስጥ የሮዛሪስ ግድብ፣ እ.ኤ.አ በ1970 ደግሞ በግብፅ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተጠናቀው ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደለሉ በአብዛኛው በግድቦቹ ጀርባ ይቀራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብም ከዴዴሳ መቀላቀያ በታች የሚገኝ በመሆኑ ከጅማ ዞን በዚያ በኩል የሚወርደው ደለል ዛሬ የሚጠራቀመው በአገር ውስጥ ነው። ስለዚህ አሁን ያለው ትውልድ አፈር ሜዲትራኒያን ባህርን አያይም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ የደረሰው ግን እዚያው ወለል ላይ ተቀምጧል፤ የሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ታሪኩ የታወቀ ነው።

አሥራ ሁለት ገመዶች

የመሬት መንቀጥቀጥ የባህር ወለል ደለልን ምን ሊያደርገው እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ክስተት የደረሰው እ.ኤ.አ ኖቬምበር 18 ቀን 1929 ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ በስተደቡብ፣ ግራንድ ባንክስ በሚባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ክፍል ነው። በዕለቱ መጠኑ 7.2 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የተከሰተ ሲሆን፣ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ያገናኙ የነበሩ 12 የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጠሱ። ያስከተለው ሱናሚ በኒውፋውንድላንድ ደቡባዊ ዳርቻ የ28 ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል።

የወቅቱን ባለሙያዎች ያስገረመው የገመዶቹ መበጠስ ሳይሆን የተበጠሱበት ቅደም ተከተል ነው። ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ቅርብ የነበሩት ወዲያውኑ ሲበጠሱ፣ ሩቅ የነበሩት ግን መሬቱ መንቀጥቀጡን ካቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከጥልቀት ወደ ባሰ ጥልቀት በየተራ ተበጠሱ። የመጨረሻው ገመድ የተበጠሰው ከመንቀጥቀጡ ከ13 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ያን ያህል ዘግይቶ የደረሰ ነገር የመንቀጥቀጡ ሞገድ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ነገር ወለሉን ተከትሎ እየወረደ ነበር።

ጉዳዩ መልስ ያገኘው ከ23 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ በ1952 ነው። ብሩስ ሂዘንና ሞሪስ ዩዊንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቴሌግራፍ ኩባንያዎቹ መስመራቸው የተቋረጠበትን ሰዓትና ደቂቃ መዝግበው የያዙበትን ሰነድ ከገመዶቹ መገኛ ጋር አመሳከሩ። ከዳርቻው የተናደው ደለል ከውሃ ጋር ተደባልቆ ከባድ የጭቃ ጎርፍ በመሆን በውቅያኖሱ ወለል ላይ እየተምዘገዘገ ገመዶቹን አንድ በአንድ እንደበጠሰ ገለጹ። ፍጥነቱ በቁልቁለቱ ላይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እንደነበረ ይገመታል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የተንቀሳቀሰውን የደለል መጠን ወደ 200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያደርሱታል። መዝገብ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ትኩረት የሚስበው ነገር፣ ለክፍያና ለጥገና ተብሎ የተያዘ የዕለት ሥራ መዝገብ የውቅያኖስ ሳይንስን አንድ ምዕራፍ የከፈተ መሆኑ ነው።

ይህን የመሰለውን የውሃ ውስጥ የደለል ጎርፍ የመስኩ ባለሙያዎች ተርቢዲቲ ከረንት ይሉታል፤ ረግቶ የሚተወውን ንብርብር ደግሞ ተርቢዳይት። በዚህ ጽሑፍ የደለል ጎርፍ በሚለው አጠራር ይገለጻል።

ደለሉ እንዴት ይነሳል?

አሠራሩን ለመረዳት የቡና ጀበናን ማስታወስ ይጠቅማል። ቡናው ከፈላ በኋላ ጀበናው ተጋድሞ እስኪሰክን ይጠበቃል፤ ዝቃጩ ከታች ይቀመጣል። ቀጂዋ ጀበናውን ሳትነቀንቀው በቀስታ ካዘነበለችው የጠራ ቡና ይወርዳል። ከተነቀነቀ ግን የሰከነው ዝቃጭ ወዲያው ተነስቶ ሲኒው ይደፈርሳል። በባህር ወለል ላይ የሚሆነውም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ መጠኑና ቁልቁለቱ ነው።

አዲስ የተቀመጠ ደለል ከድንጋይ ቅንጣቶችና በመካከላቸው ከታቆረ ውሃ የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እስከቆሙ ድረስ ክብደታቸውን የሚሸከመው ይኸው መደጋገፍ ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ለመቀመጥ ይሞክራሉ፤ ውሃው ግን በፍጥነት መውጫ ስለማያገኝ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ የቅንጣቶቹን ክብደት ከተሸከመ ደለሉ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በየብስ ላይ ሜዳ ሊባል የሚችል የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ቁልቁለት እንኳ ለመንሸራተት በቂ ይሆናል። ጭቃው ውስጥ ከበሰበሱ ዕፅዋት የሚወጣ ጋዝ ካለ ደግሞ ሁኔታውን ያባብሰዋል።

የተንሸራተተው ክምር በጉዞው ላይ ውሃ ወደ ውስጡ እያስገባ ይደፈርሳል። ድፍርሱ በዙሪያው ካለው ንጹሕ ውሃ ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይወርዳል፤ ሲወርድም ከወለሉ ተጨማሪ ደለል እየጠረገ ራሱን ያገዝፋል። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በቅድሚያ አሸዋው፣ ቀጥሎ ደቃቁ ደለል፣ በመጨረሻም ሸክላማው ጭቃ ይቀመጣል። ከታች ሻካራ፣ ከላይ ልዝብ የሆነው ይህ ንብርብር ነው በኋላ ለተመራማሪዎች ምልክት የሚሆነው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ግን ናዳ አያስከትልም። አንድ ዳርቻ በቅርብ ጊዜ ደለሉን አራግፎ ከሆነ ቀጣዩ መንቀጥቀጥ የሚያነሳው ነገር አያገኝም። ከዚህም ሌላ መናድ ሳያስከትሉ በተደጋጋሚ የሚደርሱ መንቀጥቀጦች በየጊዜው ጥቂት ውሃ ከደለሉ ውስጥ እያስወጡ ቅንጣቶቹን እንደሚያጠጋጉና ወለሉን በጊዜ ብዛት እንደሚያጠነክሩት ታውቋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጡ አንዳንድ ዳርቻዎች ከሚጠበቀው ያነሰ ናዳ ይታይባቸዋል። ለረጅም ዘመን ጸጥ ብሎ ብዙ ደለል ያከማቸ ቦታ በአንጻሩ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ሲያገኘው የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በዘመናችን ከተለኩት ውስጥ ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ከኒውዚላንድ ነው። እ.ኤ.አ ኖቬምበር 14 ቀን 2016 በካይኩራ መጠኑ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ከመድረሱ በፊት ተመራማሪዎች በአቅራቢያው የሚገኘውን የባህር ውስጥ ሸለቆ ካርታ አንስተው ስለነበር ከመንቀጥቀጡ በኋላ እንደገና በመለካት ልዩነቱን ማስላት ቻሉ። 850 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ደለል ከሸለቆው ተጠርጎ መውጣቱንና የደለሉ ጎርፍ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዙን አረጋግጠዋል። ስሌቱ ሊሠራ የቻለው ቀድሞ የተያዘ ልኬት በመኖሩ ነው።

ታይዋን ደግሞ ሌላ ነገር አሳይታለች። እ.ኤ.አ ዲሴምበር 26 ቀን 2006 ከደሴቲቱ በስተደቡብ በደረሰ መጠኑ 7.0 በሆነ መንቀጥቀጥ የተነሳው የደለል ጎርፍ ዘጠኝ የፋይበር ኦፕቲክስ ገመዶችን በጠሰ፤ ለጥገናው 11 መርከቦች ተሰማርተው 49 ቀናት ፈጅቷል። በምሥራቅ እስያ የባንክና የኢንተርኔት አገልግሎት ክፉኛ ተስተጓጉሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በነሐሴ ወር ሞራኮት የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ባስከተለው ዝናብ ወንዞች ብዙ ደለል ወደዚያው ሸለቆ ባስገቡ ጊዜ ገመዶች እንደገና ተበጠሱ፤ በዚያን ጊዜ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ወንዝ የሚያመጣው ደለልና መሬት የምትሰጠው ነቅናቄ ተለይተው የማይታዩ መሆናቸውን ሁለቱ ክስተቶች በአንድነት ያመለክታሉ።

የሜዲትራኒያን ወለል እንደ ማህደር

እ.ኤ.አ ጁላይ 21 ቀን 365 ዓ.ም የቀርጤስ ደሴት አካባቢ በሜዲትራኒያን ታሪክ ከታወቁት ከባድ መንቀጥቀጦች አንዱ ደረሰ። ያስነሳው ሱናሚ የእስክንድርያን ከተማ የመታ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል ዘመኑ የአክሱም መንግሥት የክርስትናን ሃይማኖት ከተቀበለ ብዙም ያልቆየበት ወቅት ነው። በአዮኒያን ባህር ጥልቅ ወለል ላይ በአንዳንድ ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ የጭቃ ንብርብር ይገኛል። ንብርብሩ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ከ2,000 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ከፈነዳው ከሳንቶሪኒ እሳተ ገሞራ ጋር ሲያያዝ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ የተደረገ የዕድሜ ልኬት ግን ከ365ቱ መንቀጥቀጥና ሱናሚ ጋር እንደሚገጥም አሳይቷል። በአንድ ቀን የተቀመጠ፣ ከስድስት ፎቅ ሕንፃ ቁመት የማያንስ ጭቃ ማለት ነው።

የዓባይ የደለል ክምር ከዚያ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሲሆን፣ በውስጡም ብዙ የናዳና የደለል ጎርፍ ንብርብሮች አሉት። እዚያ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ከፍታዎች ብዙ ዝናብ በጣለባቸው ዘመናት ወንዙ ራሱ በጎርፍ ብዛት ንብርብር ይተዋል፤ ስለዚህ በክምሩ ውስጥ የሚገኘው ንብርብር ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ምስክር አይደለም። ተመራማሪዎች ሁለቱን የሚለዩበት ዋነኛ ዘዴ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ንብርብር እርስ በርስ በማይገናኙ፣ ተራርቀው በሚገኙ ሸለቆዎች ውስጥ በአንድ ጊዜ መገኘቱን ማረጋገጥ ነው። አንድ ወንዝ ቢሞላ አንድ ሸለቆ ይደፈርሳል፤ መሬት ከተንቀጠቀጠች ግን ሁሉም ይደፈርሳሉ።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ በዚህ ዘዴ ያለፉት 10,000 ዓመታት መንቀጥቀጦች ተቆጥረዋል። የመጨረሻው እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 26 ቀን 1700 የደረሰው ሲሆን፣ ቀኑ የታወቀው ሱናሚው ጃፓን ደርሶ በዚያ አገር ሰነዶች ውስጥ በመመዝገቡ ነው። ከባህር ውጭ ደግሞ የሙት ባህር ወለል ተቆፍሮ የ220,000 ዓመታት የመንቀጥቀጥ ታሪክ ተነቧል። ሙት ባህር እንደ ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ፣ እንደ እኛ ሐይቆችም በስምጥ ውስጥ የሚገኝ ውሃ ነው።

የኢትዮጵያ መዝገብና ሐይቆቹ

የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በዋናነት የሚታወቀው ከጽሑፍ ምንጮችና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ልኬት ነው። ኦብዘርቫቶሪውን የመሠረቱትና ለረጅም ጊዜ የመሩት ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክ ዛሬም ድረስ የዘርፉ መነሻ መጽሐፍ ነው። በነሐሴ 1898 ዓ.ም በላንጋኖ አካባቢ የደረሰውና አዲስ አበባን ያናወጠው፣ በ1953 ዓ.ም የማጀቴን ከተማ ያወደመው የካራቆሬ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም ሰርዶን ያፈረሰው፣ በጥቅምት 1980 ዓ.ም በሐመርና በጎፋ አካባቢ ተከታትለው የደረሱት እንዲሁም በመስከረም 1998 ዓ.ም በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት የተከፈተበት ክስተት በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልተው የሚጠቀሱ ናቸው። ከ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አንስቶ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ የተደጋገሙት መንቀጥቀጦች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን ያፈናቀሉ ሲሆን፣ ከመካከላቸው የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6.0 ነበር።

መዝገቡ ጠቃሚ ቢሆንም አጭር ነው። በመሣሪያ የተደገፈው ክፍሉ ከ70 ዓመት እምብዛም አይበልጥም። አንድ ስንጥቅ በብዙ መቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ባለፉት ሰባ ዓመታት ዝም ማለቱ ስለ አደጋነቱ ብዙ አይናገርም። የሕንፃና የግድብ ንድፍ የሚመሠረተው ደግሞ አንድ የተወሰነ መጠን ያለው መንቀጥቀጥ በስንት ዓመት ይመለሳል በሚለው ስሌት ላይ ነው። በሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት የሞላው የውሃ ወለል ደለል ነው።

በዚህ ረገድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ምቹ ናቸው። ሻላ 266 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ የሚገኘውም የ1898ቱ መንቀጥቀጥ በደረሰበት አካባቢ ነው። ረጅም የደለል ናሙና ማውጣት በአገሪቱ እንደሚቻልም ታይቷል፤ በ2007 ዓ.ም በደቡብ ኢትዮጵያ በጨው ባህር ወለል ላይ 280 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቁፋሮ ተካሂዶ የ620,000 ዓመታት ደለል ወጥቷል። የዚያ ቁፋሮ ዓላማ የጥንቱን የአየር ንብረት ማጥናት ነበር። ይሁን እንጂ ለአየር ንብረት የሚወጣ ናሙናና ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚወጣ ናሙና በአወጣጡ አንድ ነው፤ የሚለየው ንብርብሩን የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ነገር ነው።

ወደ ደዶ መለስ ሲባል

የደዶና የአካባቢው ተዳፋቶች በየክረምቱ ይናዳሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ባካሄዳቸው ጥናቶች የመሬት መንሸራተት የደረሰባቸው ቦታዎች በካርታ ተመዝግበዋል። መንስኤዎቹ ከባድ ዝናብ፣ ወንዞች የተዳፋቱን ግርጌ ቦርቡረው መብላታቸውና የመሬቱ አቀማመጥ ናቸው። እነዚህ ናዳዎች በቀጥታ ወንዝ ዳር የሚደርሱ በመሆኑ አፈሩ ማሳ ላይ ሳይቀር ወደ ውሃው ይገባል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት አሰቃቂ ናዳም በዝናብ ምክንያት የደረሰ ነበር። እንግዲህ በየብስ ላይ የአካባቢው ዋነኛ ነቅናቄ ዝናብ ነው፤ ጅማ ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ የምትገኝ በመሆኗም የመንቀጥቀጥ ማዕከል ሆና አትታወቅም።

ውሃው ሥር ግን ዝናብ በቀጥታ አይደርስም። በ1996 ዓ.ም ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከጀርባው ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው። የደዶ ጅረቶች ደለል የሚያርፈው እዚህ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በ2002 ዓ.ም ለተመረቀው ለግልገል ጊቤ ቁጥር ሁለት የኃይል ማመንጫም ያገለግላል፤ በመሆኑም የአንድ ሐይቅ ወለል የሁለት ጣቢያዎች ጉዳይ ነው።

ደለሉ በማጠራቀሚያው ውስጥ በእኩል አይነጠፍም። ወንዙ ሐይቁን በሚያገኝበት ቦታ ሻካራው ተከምሮ ትንሽ ዴልታ ይሠራል፤ የዴልታው ፊት ወደ ግድቡ ያዘነበለ፣ በውሃ የራሰና ገና ያልጠነከረ ቁልቁለት ነው። በጥልቅ ባህር ዳርቻ ላይ ስለ ደለል የተነገረው ሁሉ በአነስተኛ መጠን በዚህ ቁልቁለት ላይም ይሠራል። መንቀጥቀጥ ቢደርስ ፊቱ ሊናድና የደለል ጎርፍ ሆኖ ወደ ውሃ መግቢያው ሊጠጋ ይችላል። የደለል ጎርፍ በግድብ ሐይቅ ውስጥ ረጅም ርቀት መጓዝ እንደሚችል በአሜሪካ የሁቨር ግድብ ውሃ መያዝ በጀመረበት በ1930ዎቹ በግልጽ ታይቷል፤ የሐይቁ ላይኛ ውሃ የጠራ ሆኖ ሳለ ከታችኛው ማስተንፈሻ ጭቃ ይወጣ ነበር።

የግድቡ አካል ራሱ ከአፈር የተሠራ ሲሆንም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1971 በካሊፎርኒያ በደረሰ መንቀጥቀጥ የታችኛው ሳን ፈርናንዶ ግድብ የውሃ በኩል ፊቱ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ወደ ሐይቁ ተንሸራተተ። ውሃው ሊፈስ ጥቂት ሲቀረው የተረፈ ሲሆን፣ ከግድቡ በታች ይኖሩ የነበሩ 80,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል። ግድቡ የተሠራው አፈርን በውሃ እያንሳፈፉ በማፍሰስ ሳይጠቀጠቅ ነበር፤ ዛሬ የሚሠሩ የአፈርና የድንጋይ ሙሌት ግድቦች በየንብርብሩ ተጠቅጥቀው የሚሠሩት በከፊል ከዚህ በተገኘ ትምህርት ነው። በ2017 ዓ.ም የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጦች ወቅት በአቅራቢያው የሚገኘው የከሰም ግድብ የብዙዎች ሥጋት ሆኖ የሰነበተው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግድቡ ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ ነው።

ገመዱም የእኛ ነው

ኢትዮጵያ የባህር በር ባይኖራትም የባህር ወለል ጉዳይ ከሩቅ የሚታይ አይደለም። የአገሪቱ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔትና የስልክ ግንኙነት በአመዛኙ በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ በቀይ ባህር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በሜዲትራኒያን ወለል ላይ በተዘረጉ ገመዶች የሚያልፍ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የባህር ገመድ ብልሽት የሚመዘገብ ሲሆን፣ አብዛኛው በዓሣ አጥማጆችና በመርከብ መልህቅ የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባህር የደረሰው መቋረጥም በመልህቅ ምክንያት የተከሰተ መሆኑ ተገልጿል።

የመንቀጥቀጥ ድርሻ በቁጥር አነስተኛ ነው። ልዩነቱ መልህቅ አንድ ወይም ጥቂት ገመድ ሲቆርጥ የደለል ጎርፍ ጎን ለጎን የተዘረጉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መበጠሱ ነው። እ.ኤ.አ ሜይ 21 ቀን 2003 በአልጄሪያ ቡመርዴስ መጠኑ 6.8 የሆነ መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ በሜዲትራኒያን ምዕራባዊ ክፍል በርካታ ገመዶች የተቋረጡት በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ የግንኙነት አገልግሎት ሁለት ገመድ ተከራይቻለሁ ሲል ሁለቱ በአንድ የባህር ሸለቆ ግርጌ የሚያልፉ ከሆነ በሰነድ ላይ ሁለት፣ በወለሉ ላይ ግን አንድ ናቸው። የገመድ መስመር የሚነድፉ ኩባንያዎች ከታይዋኑ ክስተት በኋላ የሸለቆ አፎችን ለመራቅና መስመሮችን አራርቀው ለመዘርጋት የበለጠ ጥንቃቄ ያደርጋሉ።

በአገር ውስጥ ለሚገኙት የግድብ ሐይቆች የሚሠራው መለኪያ ከካይኩራው የተለየ አይደለም። የወለሉን ቅርጽ በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ በጀልባ ተጭኖ ሐይቁን በመስመር በመስመር ያቋርጣል፤ ከዓመታት በኋላ ያው ይደገማል። የሁለቱ ካርታዎች ልዩነት የገባውን የደለል መጠን፣ የዴልታውን ፊት አቀማመጥና ወደ ውሃ መግቢያው ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል። በመካከሉ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ከደረሰ ደግሞ ልኬቱ ተራውን ሳይጠብቅ ይካሄዳል፤ ከታችኛው ማስተንፈሻ የሚወጣው ውሃ መደፍረስ አለመደፍረሱም በዚያው ቀን ከነሰዓቱ ይመዘገባል።